የዓርቡ ሐሪር

ሰውየው ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።

በዚህ ሥራ ሰባት ደቂቃ ብዙ ነው። አበጋዝ ኖርዌይ ውስጥ፣ ሄልስፊር፣ ከባቡር ጣቢያው መውጫ አጠገብ፣ የአውቶቡስ ሰዓት የሚያነብ መስሎ ቆሟል። በፈረንጆቹ 2008፣ የኖቬምበር ዓርብ። ከቀትር በኋላ።

«ኢስተብረቅ ይኖርሃል?» አለ ሰውየው።

«ወፍራሙ አልቋል። ያለው ሱንዱስ ነው።»

«ስሱም ይበቃኛል።»

ቃሉ ልክ ነው። ቃሉን ያወጣው ራሱ አበጋዝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ያሲን» ተብሎ፣ የሙስሊም ስም ይዞ፣ ፉሩሴት ውስጥ በሐጂ ኪያር ጨርቅ ቤት ሲቆርጥና ሲለካ ኖሯል። ሐጂ ኪያር የምጽዋ ሰው ናቸው። ሥራ ሲፈቱ የድሮ ዓረቦች ለጨርቅ ያወጡትን ስም ያስተምሩታል። ሱንዱስ ስሱ ሐር ነው። ኢስተብረቅ ወፍራሙ። ኸዝ ሐር ከሱፍ ጋር የተሸመነበት። አበጋዝም ከዚያ እየመዘዘ ለስለላ ጓዶቹ የምስጢር ስም ሰጠ።

ሱንዱስ ፉርቱና ናት፤ አልናብሩ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ። አለቆቿ በጨርቅ እሽግ ውስጥ መሣሪያ ደብቀው ይልካሉ፤ እሷ ወረቀታቸውን ትገለብጣለች። ኢስተብረቅ ደግሞ የአበጋዝ አለቃ ግርማ ነው፤ የዚያው መጋዘን የጭነት መኪና ሹፌር። ግርማ ሱንዱስ ማን እንደሆነች አያውቅም። የሚያውቀው አበጋዝ ብቻ ነው። የመጋዘኑ ሰዎች ወረቀት የሚገለብጥ እንዳለ ከጠረጠሩ ሰንብተዋል። ስሟን ካገኙ ፉርቱና አታድርም።

ኸዝ ፉርቱናን ለማሸሽ ከስቶክሆልም የሚመጣው ፓስፖርት ሠሪ ነው፤ ፎቶና ስም ሲሰጡት በሰዓት ውስጥ ሠርቶ ያስረክባል። መልኩን ያየው የለም። አባቱም አያቱም ምጽዋ ላይ ጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ብቻ ተነግሯቸዋል።

አበጋዝ ካፖርቱ ውስጥ ሁለት ፖስታ ይዟል። ግራ ኪሱ የፉርቱና ፎቶና ስም። ቀኝ ኪሱ የግርማ። ግርማ ትናንት ነው የሰጠው። «እኔም ሰልችቶኛል፤ አብሬ ልውጣ» ብሎ።

«ስለዘገየሁ አትቀየመኝ» አለ ሰውየው። «ጁምዓ ሰግጄ ነው።»

«አላህ ይቀበልህ።»

አንገቱ ላይ ነጭ ሻርፕ ጠምጥሟል። አበጋዝ የጨርቅ ሻጭ ልማድ ሆኖበት ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። ለሰላሳ ሴኮንድ ያህል የገበያ ወሬ አወሩ። ጨርቁ ጣቱ ላይ ቶሎ ሞቀ። ንጹሕ ሐር ነው።

«ጥሩ ሐሪር ነው» አለ።

«የአባቴ ስጦታ። ለጁምዓ ብቻ ነው የማደርገው።»

ወይ ጉድ።

ሐጂ ኪያር አንድ ሙሽራ ለራሱ ሐሪር ሸሚዝ ቢጠይቃቸው ፖሊስተር ሸጠው ሰደውታል። «ሐሪር ለሴት ነው፤ ለወንድ ሐራም ነው» አሉ፣ ልጁ ከወጣ በኋላ። «ኸዝ ከሆነ ሱፍ አለበት፤ የድሮዎቹ ለብሰውታል።» ይህን የምጽዋ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። አባት ለልጁ ሐሪር ሰጥቶ መስጊድ አይልክም።

ሰውየው ኸዝ አይደለም።

አበጋዝ ጫፉን ገለበጠው። የእጅ ስፌት ነው። በቀጭን ክር፣ በጠባብ ርምጃ። ስፌቱን የሚያውቀው ራሱ ስለሰፋው ነው። ባለፈው ዓመት ለግርማ ልደት ከሱቁ ቆርጦ፣ ሰፍቶ የሰጠው ሻርፕ ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። ግርማ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ነው፤ የሐሪርን ነገር ከየት ያውቃል? ይህን ሰው ባለጸጋ ጨርቅ ነጋዴ ሊያስመስለው ፈልጎ፣ ቤቱ ካለው ጨርቅ ሁሉ ምርጡን አውጥቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመለት።

አበጋዝ እንደሚናደድ ጠብቆ ነበር። አልተናደደም። ውስጡ ዝም አለ።

ትኬት መቁረጫው ጋ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ሁለተኛው የመጋዘኑ ሰው ነው። መሮጥ አያዋጣም። ባዶ እጁን ቢሰዳቸው ከኋላው ይከተሉታል፤ ፉርቱና ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ርቃ፣ አውቶቡስ መሳፈሪያው ውስጥ እየጠበቀችው ነው።

«ይዘኸዋል?» አለ ሰውየው።

«ይዣለሁ።»

እጁን ወደ ግራ ኪሱ ሰደደ።

መለሰው።

ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ሰውየው እዚያው ቀደደው። እውነተኛ ፓስፖርት ሠሪ መንገድ ላይ ፖስታ አይከፍትም። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታየ።

«ሱንዱስ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው። ሁለት ዓመት ወረቀቱን ሲያወጣልን የኖረው እሱ ነው። ምነው?»

«ምንም። ሴት መስላኝ ነበር።»

ሰላም ሳይለው ሄደ። ባለ ኮፍያውም ተከተለው። እየተጣደፉ ነበር።

ፉርቱና የጎተንበርግ አውቶቡስ አጠገብ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ቆማለች።

«ፓስፖርቱስ?»

«የለም። ግቢ። ድንበር ላይ የሚጠይቅሽ የለም።»

«ናይ፣ አይሆንም፣ ያሲን፣ እንዲህ አልተባባልንም። ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ደህና ነኝ። ግቢ አልኩሽ። ስትደርሺ አንድ ቃል ጻፊልኝ።»

ገባች። በመስኮቱ እያየችው ሄደች።

ግርማ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወለ።

«ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነበረች ግን በመጨረሻ?»

«አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ለወሬ ያህል ነው።» ግርማ ሳቀ። «ዓለምጸሐይ ዶሮ ወጥ ሠርታለች። እሁድ ከቸርች መልስ ና። ብቻህን አትብላ።»

ሽሽ ሊለው ይችል ነበር። ቢለው ግን ግርማ ነፍሱን ሊያድን ለሰዎቹ ይደውላል፤ ሴት ናት፣ ያሲን ያውቃታል ይላቸዋል፤ አውቶቡሱም ገና ከኖርዌይ አልወጣም። ለምን እንደሸጣቸውም አልጠየቀውም። ምክንያት ይኖረዋል፤ ምክንያት ደግሞ አንጀት ይበላል።

«እመጣለሁ» አለው።

ማታውን ሐጂ ኪያር መጋረጃ ሲያስለኩት ለካ። አንድም ሳንቲሜትር አልተሳሳተም። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ሳይሰናበታቸው የበርገን ባቡር ተሳፈረ። ሽማግሌው ለእሱ እንጂ ለማን ሱቁን ሊያወርሱ ነበር? አሁን ግን ይህም አልተሰማውም። ጥርሱን ሐኪም ቤት አደንዝዘውት የወጣ ሰው ይመስል ነበር።

ስልኩ ላይ መልእክት አገኘ። «ደርሻለሁ»። ማታ አራት ሰዓት ከጎተንበርግ የተላከ ነው። ደስ ሊለው ሞከረ። ሞክሮ ተወው።

ሄነፎስን እንዳለፉ ስልኩ ጠራ። ዓለምጸሐይ ናት፤ የግርማ ሚስት።

«ያሲን ወንድሜ» አለች። ድምፅዋ ተሰባብሯል። «ግርማን... አልናብሩ፣ ከፉርጎዎቹ መሀል አገኙት አሉኝ። ፖሊሶቹ ቤት ናቸው፤ የሚሉት አይገባኝም። ልጆቹ አላወቁም። አንተ ጓደኛው ነህ፤ ና እባክህ። ማንም የለኝም።»

ከመስኮቱ ውጭ በረዶ የያዘ ጥድ ያልፋል።

«መጣሁ» አላት። «መንገድ ላይ ነኝ።»

ሲሙን አውጥቶ ሰበረው። ባቡሩ ወደ ተራራው ይወጣል። ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጥታ ወረቀቱን አየችና፣ የተጻፈበትን ስም እንደምንም አንብባ፣ መልካም መንገድ ተመኘችለት። አዲሱ ስሙ ፊሊሞን ነበር።