ከአሥራ አንድ ቤት የተነቀሉ መስኮቶች

የስልክ ሽቦ ወደ አውራጃው በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም መባቻ፣ ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ አዲስ የድንጋይ ቤት ቆሞ ታየ፤ ይኸውም አገረ ገዢው በአዋጅ ያሠሩት የአውራጃው የመጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ግድግዳው ጠንካራ፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ፣ ክዳኑም ጠብታ የማያሳልፍ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም።

የሠራው «አባ ጎተራ» የሚባል ግንበኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእህል ጎተራ በቀር ሌላ ሠርቶ አያውቅም፤ አይጥና እርጥበት የማይደፍሩትን ቤት በመሥራት ግን አቻ አልነበረውም። ጥፋቱን ቀድማ ያየችው የአሥር ዓመት ልጁ ናት፤ ሥራው ባለቀ ዕለት ገብታ ጥቁር ሰሌዳውን በጨለማ በዳበሳ ፈለገችው።

«አባባ፣ የሚያስገቡበት እኛን ነው ወይስ ስንዴ?» አለችው።

ግንበኛው ዙሪያውን አየና አፉን በእጁ ያዘ።

ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። የትምህርት ተቆጣጣሪው በአምስተኛው ቀን መጥተው ቤቱን ይመረምራሉ፤ ካልወደዱት መምህሩና መጻሕፍቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወዳለው ጎረቤት አውራጃ ይዛወራሉ። ያን ያህል መንገድ ሴት ልጁን የሚሰድ አባት በአገሩ አልነበረም፤ አባ ጎተራም ቢሆን አይሰድም። ልጅቱ ግን «ፊደል እቆጥርበታለሁ» እያለች በጋውን ሙሉ ድንጋይ ስታቀብለው ከርማለች።

ሮጦ ወደ ሚስቱ ወንድም፣ ወደ አናጢው ሄዶ አሥራ አንድ መስኮት እንዲሠራለት ለመነው።

«አንዱ መስኮት ከእንጨት ፍለጋው ጋር አንድ ወር ይፈጅብኛል» አለ አናጢው። «አሥራ አንድ ካሻህ የሚቀጥለው ክረምት ሲወጣ ና።»

«ሰውዬው የሚመጡት በአምስት ቀን ነው እኮ።»

«እንግዲያው የተሠራ ፈልግ፤ የተሠራው ያለው ደግሞ በየሰዉ ቤት ነው።»

አናጢው ለቀልድ ተናገረ፤ አባ ጎተራ ግን መሮውን ይዞ የገዛ ቤቱን መስኮት ነቀለ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» አለች ሚስቱ።

«ዝናቡ አልፏል፤ ብርዱን ትችዪዋለሽ።»

«ብርዱንስ እችላለሁ፤ የማልችለው የጎረቤት ዓይን ነው» ብላ ቀዳዳው ላይ ጆንያ ሰቀለች፤ ወንድሟን ግን ስለዚያ ቀልዱ እስኪሞት አልማረችውም።

ወሬው በማግሥቱ መንደሩን አዳረሰ። ዳቦ ጋጋሪዋ የራሷን መስኮት በራሷ ተሸክማ ጉብታውን ወጣችና «የእኔ ልጅ በሰው መስኮት አይማርም» አለች፤ ይህን የሰማ ጫማ ሰፊ ተከተላት፤ ባለወፍጮውም ተከተለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ግን በጌጡ ሽሚያ ተነሣ። ግንበኛው እየበሳ ገጠመ፤ በአራተኛው ቀን መስኮት ይዘው ለመጡት ሁለት ሰዎች «ግድግዳው አለቀ» ብሎ ቢመልሳቸው ተቀየሙት።

ተቆጣጣሪው መጡ። ትልቁን፣ ትንሹን፣ አረንጓዴውንና ቀለም አልባውን መስኮት አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ግንበኛ፣ ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መስኮቱን ረስቼ፣ የሰው ቤት መስኮት አስነቀልኩ።»

ተቆጣጣሪው በአንደኛው መስኮት ቁልቁል ቢያዩ በመንደሩ አሥራ አንድ ቤት ጆንያ ተሰቅሎበታል። ብዕራቸውን አውጥተው «ቤቱ ደኅና ነው፤ ብርሃንም ይበቃዋል» ብለው ጻፉ። ግንበኛው እፎይ ብሎ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። አናጢው ግን ለመንደሩ መስኮት ሲሠራ ዓመት ሙሉ ቀና አላለም፤ የእኅቱን ተራም መጨረሻ አደረገው።

በኋላ ዘመን ሦስት ሕንፃዎች ተጨመሩ፤ መስኮቶቻቸው ሁሉ በአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው። አሮጌው ቤት መጻሕፍት ቤት ሆነ፤ እስከ ዛሬ አይጥ አልደፈረውም። በደጁ የቆመው የእብነ በረድ ጽሑፍ ትምህርት ቤቱን አገረ ገዢው እንዳሠሩት ይናገራል፤ ስለ ግንበኛው አንዲት ቃል የለበትም። በሃምሳኛው ዓመት በዓል ጽሑፉን ለእንግዶች ያነበቡት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። ከማዕረጉ አንድ ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገብተው ከበሩ ሦስተኛ ወደሆነው ትንሽ መስኮት ወሰዷቸው።

«ይኼኛው የቤታችን ነው» አሉ። «ይህን ንባብ የተማርኩት እዚህ ሥር ተቀምጬ ነው፤ እናቴ ደግሞ ዓመት ሙሉ በጆንያ ኖራለች።»