ሁለት ጓጉንቸር ያለበት መጋዘን

መጋዘኑ ጠዋት ሲከፈት ዘበኛው አብዱልመጂድ በማሽላው ጆንያዎች መሐል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ በሁለት ጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር ያደረው። አንደኛው ቁልፍ በመጋዘን ኃላፊው በአሰግድ ኪስ፣ ሌላው በተረጂዎች ተወካይ በእትዬ ዙሀራ ሻሽ ጫፍ ተቋጥሮ ይውላል፤ አንዳቸው ያለ ሌላው አይከፍቱም።

ኢንስፔክተር ሩቂያ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለው መጋዘን ስትደርስ አጥሩ ሥር ሰው ተኮልኩሏል። ብዙዎቹ የመጡት ምናልባት ዛሬ እህሉ ይታደል እንደሆነ ብለው ነው። ማሳቸውን ድርቅ በልቶታል፤ ሌላ ተስፋ የላቸውም።

«ለምንድን ነው የማይታደለው?» ስትል የእርዳታ ኃላፊዋን ሰናይትን ጠየቀች።

«እህሉ መጥቷል። የማከፋፈያው ገንዘብ ግን ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ እኛ አልወረደም። የመኪናው፣ የወዛደሩ፣ የዘበኛው ደመወዝ ሁሉ ከዚያ ነው። አብዱልመጂድንም አሰናብቼው ነበር፤ አንድ ቀን ይከፍሉኛል እያለ ይመላለስ ነበር እንጂ።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ሩቂያ ገብታ አየች። ሬሳው ቁስል የለውም። ወለሉ ላይ አይጦች ሞተዋል፤ ነቀዙ ረግፏል። በሩ ተከፍቶ ውሎ እንኳ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለ። ጆንያዎቹ ሸራ ለብሰው ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተጭኗል፤ አንድ ጥግ ብቻ ተገልጧል። ሟቹ አጠገብ ባዶ ከረጢትና በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ ነበር።

«ቂጣውን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?» አለቻት ሚስቱን ያስሚንን።

«ከየት አምጥቼ፣ እህቴ? ቤቴ ዱቄት ከገባ ስንት ጊዜው!»

ቀጥላ አሰግድን ያዘችው። «ትናንት ሲዘጋ ውስጡን ማን ፈተሸ?»

«እትዬ ዙሀራ። ተወካይዋ ዞረው ሳያዩ አይዘጋም፣ ወጋችን ነው። ዛሬም ይከፈት ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ እንዲከፈት አልፈለግሁም ነበር።»

«ለምን?»

አሰግድ የተገለጠውን የሸራ ጥግ አይቶ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

ሩቂያ አሰግድን፣ ሰናይትንና እትዬ ዙሀራን ደጁ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው አላነቀውም። የነቀዝ ክኒን ጋዝ ነው የገደለው። አይጡንም የፈጀው እሱ ነው። ሸራው በአሸዋ የተጫነው ጋዙ እንዳያመልጥ ነው፤ አብዱልመጂድ እህል ሊቀዳ ጥጉን ሲገልጥ ወጣበት፤ አሰግድ መክፈት የፈራውም ለዚህ ነው።»

«እህሉ እየተበላ ነበር!» አለ አሰግድ። «ባለሙያ እንዳናስመጣ የአበል ገንዘብ የለም፤ ክኒኑን ራሴ አደረግሁበት። ወይዘሮ ሰናይትም ያውቃሉ።»

ሰናይት ፊቷን ሸፈነች። «መርዝ ገባበት ከተባለ ሰዉ አይበላውም ብለን ደበቅን።»

«አብዱልመጂድ ግን በተቆለፈ በር ሊገባ አይችልም፣» አለች ሩቂያ፤ «መቼም ሲቆለፍ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውስጡን ያዩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ ዙሀራ። ቂጣው ከቤቱ አልመጣም፤ የተቋጠረበት ጨርቅ ከሻሽዎ የተቀደደ ነው።»

«ወላሂ ልጄ፣ ሸራው ለአቧራ ነው ብለውኝ ነው!» አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ። «የልጆቹን ለቅሶ አላስችል አለኝ። ከረጢትህን ሙላና በዚያች ሰው በማታሳልፍ መስኮት ወደ ውጭ ጣላት፣ ጠዋት ሰበብ ፈልጌ አስከፍታለሁ አልኩት። ቂጣውን የሰጠሁት ሲርበው እንዲቀምስ ነው።»

ሩቂያ ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ መጥታ ያገኘችው መላ ያጡ ሰዎችን ነው። ሕጉ ግን የሚለው አንድ ነው።

«ሦስታችሁም ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ። ማሽላው ኤግዚቢት ነው፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን ይታሸጋል።»

ያስሚን ልጇን እንዳዘለች ከአጥሩ ሥር ተነሥታ ሩቂያ ፊት ቆመች።

«እሺ፣ የባሌ ነገር ታወቀ። የእኛ ድርሻስ መቼ ይሰጠናል?»

«አላውቅም» አለች ሩቂያ።

ያስሚን ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። የሚጨመር ነገር እንደሌለ ሲገባት ሄዳ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጠች።