ከረጢቱን ማን ቀየረው?

በቤታችን የከረጢት ቅየራ ሥልጣን ከእጄ መውጣቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

አትሳቁ። በእውነት የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እኛው መኝታ ቤት ውስጥ ነው።

ባሌ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ የሚጸዳዳው ሆዱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው። እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። ማጣበቂያውን በልኩ ቆርጬ የምለጥፍለት እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቱን እንኳ አላስነካም።

"አንቺ ልጅ፣ የቃል ኪዳን ቀለበት አደረግሽው እኮ!" ይሉኝ ነበር እናቱ።

ዘንድሮ በቀዳዳው ዙሪያ አንጀቱ ከቆዳው ሥር ሾልኮ ወጣና፣ ሄርኒያ የሚሉት ነው፣ ሆዱ እንደ ኳስ አበጠ። ሐኪሙ የወጣውን ወደ ውስጥ መልሶ፣ ከሥሩ መረብ ሰፍቶ ደገፈው።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ከረጢትና መቀሴን ይዤ ገባሁ።

"ተቀይሯል" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"ማን ቀየረው?"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ገልጬ አየሁ። አዲስ ከረጢት። አቆራረጡ ልክክ ያለ... የእኔ እጅ እንዲህ አሳምሮት አያውቅም።

እውነቱን ልናገር? ከመፍራቴ በፊት ቀናሁ።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሳቂታ ነርስ ነበረች። ደወልኩላት።

"ኧረ እትዬ! እኔ አንድም ቀን ቀይሬለት አላውቅም" አለች። "ሁሌ ስመጣ ተቀይሮ ነው የማገኘው... እርስዎ መስለውኝ!"

እኔ ደግሞ፣ ሆስፒታል ሳለን የምትቀይርለት እሷ መስላኝ።

በማግስቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ሌላ መግቢያ የለውም። መስኮቱም ፍርግርግ አለው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሳቀ።

ከታመመ ወዲህ ለእኔ የነፈገኝን ሳቅ...

"ቀስ" አለ በሹክሹክታ። "ትሰማናለች።"

በሩን በርግጄ ገባሁ።

ብቻውን ነው። ሁለት እጆቹን ተንተርሷል። ሸሚዙ ተገልጧል።

ከረጢቱ ዙሪያ፣ ከቆዳው ሥር... አምስት ጣቶች።

ቆዳውን ከውስጥ እየገፉ፣ የማጣበቂያውን ጠርዝ ይደባብሳሉ። ቀጫጭን ናቸው። የሴት።

ስገባ ቀጥ አሉ።

"ማን ናት?" አልኩት።

ሸሚዙን ሳብ አድርጎ፣ ብርድ እንዳይመታት የሚሳሳላት ሰው እንዳለች ሁሉ፣ በቀስታ ሸፈናቸው።

"ማን ናት እኮ!"

"አልነግርሽም" አለ። "በሩን ዘግተሽ ውጪ።"