ራሰ በራዋ አሻንጉሊት

ድንቢጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለው ቤት፣ ከእናቷ፣ ከታላቅ ወንድሟና ከወንድ አያቷ ጋር ነው። ድንቢጥ ያሏት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ወንድሟን ደግሞ «መሐንዲሱ» ይሉታል፤ ያገኘውን ሁሉ ይፈታታል፣ መልሶ መግጠም ግን አያውቅበትም። ወይዘሮ የምትባል ድመትም አለቻቸው። የወይዘሮ ሥራ መተኛት ነው።

ሴት አያታቸው እማማ በቅርቡ አርፈዋል። እማማ ሹራብ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ክር ሲጠቀልሉ ወንድ አያታቸው አባባ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይይዙላቸው ነበር። አባባ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ይዤ፣ አሁን ደግሞ ክር ያዝ ተባልኩ!» ይሉ ነበር አባባ።

«ዝም ብለህ ያዝ! እዚህ መታጠፊያ የለም» ይሉ ነበር እማማ። ከዚያ ሁለቱም ይስቁ ነበር። እማማ ካረፉ ወዲህ ግን የአባባ እጆች ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፈው ይውላሉ።

አንድ ቀን እናት የእማማን የክር ቅርጫት አመጣች።

«ከዚህ ክር ለእማማ መታሰቢያ የሚሆን ነገር በእጃችሁ ሥሩ። እሑድ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ይቺን ከረጢት ግን እንዳትነኩ! ለአክስታችሁ ልጅ የጀመሩት ሹራብ ነው። የአንዱ እጅጌ ጫፍ ብቻ ነው የቀረው። ሕፃኑ ሳይወለድ አክስታችሁ ትጨርሰዋለች።»

ድንቢጥ እማማን የምትመስል አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። ጨርቅ ሰፋች፤ ጥጥ ጠቀጠቀችበት፤ ሁለት ቁልፎች ዓይን ሆኑላት። ፀጉር ብቻ ቀረ። የእማማ ፀጉር ነጭ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ አረንጓዴ ክር አለ፤ ቀይ አለ፤ ጥቁር አለ። ነጭ ግን የለም። ነጩ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው።

«ትንሽ ብቻ» አለች ድንቢጥ በልቧ።

ልጆች፣ «ትንሽ ብቻ» የምትባለዋን ቃል ተጠንቀቋት! እግሯ አጭር ነው፤ የምትወስደው ግን ሩቅ ነው።

መጀመሪያ ከሹራቡ ጋር የተያያዘችውን ትንሽ የክር ጥቅል ወሰደች። ለአሻንጉሊቷ ግንባር ብቻ በቃች። «ትንሽ ብቻ» አለችና ክሩን ሳብ አደረገችው። የሹራብ መሥሪያው መርፌ ሾልኮ ወለሉ ላይ ቃ! አለ። ክሩም መጣ። እንደገና ሳበችው፤ አሁንም መጣ። የአሻንጉሊቷ ራስ በፀጉር ሲሸፈን፣ እጅጌው እስከ ትከሻው ተተርትሮ አልቋል። ድንቢጥ ደነገጠች። ሹራቡን አጣጥፋ ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው።

እሑድ አክስት መጣች። ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ደረጃውን ቆም እያለች ነው የወጣችው። መሐንዲሱ በአረንጓዴ ክር የጠቀለለውን ክብ ሽቦ አቀረበ።

«እንዴት ያምራል! የድስት ማስቀመጫ ነው?» አለች አክስት።

«ኧረ አክስቴ! የአባባ መሪ ነው!»

የድንቢጥን አሻንጉሊት ሲያዩ ግን ሁሉም ተጠግተው ከበቧት። ነጩ ፀጉሯ ጥምዝምዝ፣ ልክ እንደ እማማ ነው። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለች እናት። አባባ አሻንጉሊቷን ተቀብለው ፀጉሯን ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት። በጥንቃቄም ከፎቶግራፉ አጠገብ አስቀመጧት።

ከዚያ አክስት ከረጢቱን ከፈተች።

«ውይ! እጅጌው የት ሄደ?»

«ማን ነው ይህን የነካው?» አለች እናት።

ወይዘሮ የክሩ ቅርጫት ውስጥ ተኝታለች። ድንቢጥ ጣቷን ቀሰረች። «እሷ ናት!»

እናት በጣም ተቆጣች። ወይዘሮን ካርቶን ውስጥ ከተተቻት። «ጫማ ሰፊው አይጥ አስቸገረኝ ሲል ከርሟል። ከምሳ በኋላ ትሰጠዋለች።»

ምሳ ቀረበ። «ዛሬ ድንቢጥ ትጸልይልን፤ መታሰቢያዋ አምሮላታል» አለች እናት።

ድንቢጥ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። «በደላችንን» ከሚለው ስትደርስ ግን አቋረጠች። ካርቶኑ ውስጥ ወይዘሮ «ሚያው» አለች። እማማ ሁልጊዜ «ውሸትና ሹራብ ጫፉ ከተያዘ አለቀለት» ይሉ እንደነበር ትዝ አላት።

«ድመቷ አይደለችም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ! የተረተርኩት እኔ ነኝ!» አለቀሰችም።

አክስትም እንባዋ መጣ። «የመጨረሻ ሥራቸው ነበር እኮ፣ ድንቢጥዬ» አለች ቀስ ብላ። ይህ ለድንቢጥ ከቁጣ ሁሉ ባሰባት።

አባባ አሻንጉሊቷን አነሱ። «አዲስ ክር ቀጥ ያለ ነው። ይሄ ጥምዝምዝ ግን እማማሽ በመርፌዋ የሠራችው ነው። የእጇ ምልክት ነው። ስዳስሰው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባባ?»

«ራስሽ እንድትናገሪው ነዋ! ወይዘሮንም ቢሆን አሳልፌ አልሰጣትም ነበር።»

ድንቢጥ እንባዋን ጠረገች። «መልሼ እሠራዋለሁ። አክስቴ፣ ታሳይኛለሽ?» የአሻንጉሊቷንም ፀጉር ራሷ መፍታት ጀመረች።

«ደግነቱ አልቆረጥሽውም። አጥበን እናቃናዋለን» አለች አክስት።

«አይታጠብም! የእጇ ምልክት እንዳለ ይግባበት» አሉ አባባ። ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ። እማማ ካረፉ ወዲህ ይህን ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። ድንቢጥ ከእጃቸው እየተቀበለች ክሩን ጠቀለለች።

ድንቢጥ፣ ያቺ መቀመጥ የማትችለው ልጅ፣ ተቀመጠች! ተሳሳተች፤ ፈታች፤ እንደገና ጀመረች። «ይሄ እጅጌ ነው ወይስ ጆንያ?» አለ መሐንዲሱ። «አንተ መጀመሪያ የፈታኸውን ሬዲዮ ግጠም!» አለችውና ቀጠለች።

ሕፃኗ ተወልዳ ወደ ቤት ስትመጣ ሹራቡ አልቆ ጠበቃት። የድንቢጥ እጅጌ ሰፋ ያለና ጉርብጥብጥ ነው። አክስት የሕፃኗን እጅ አስገባች። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እጇ ግን አልወጣም። ድንገት አንዲት ቀይ ጡጫ ከእጅጌው ጫፍ ብቅ አለች!

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ አባባ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ወይዘሮ እንኳ ነቃች።

«ይሄኛው እጅጌ የእማማ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የእማማና የድንቢጥ ነው» አለች አክስት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ።

«አሻንጉሊቷ ግን ራሰ በራ ሆና ቀረች» አለች ድንቢጥ።

አባባ መላጣቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያው እኔን መስላለቻ! አምጪያት፤ ከእማማሽ ጎን ትቀመጥ።»

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን በሌላ ላይ አታላክኩ፤ እውነቱን ተናግራችሁ በእጃችሁ ለማቃናት ስትነሱ እግዚአብሔር ያግዛችኋል።