የብርማ ሳቢሳ ክብደት

ጋርላንድ ፕሩዊት ግማሽ ዕድሜውን ሲያሳድዳት የኖረችው መኪና፣ በመጨረሻ ደረቱ ላይ ተቀምጣ ተገኘች።

ቦታው ከዲትሮይት ወጣ ብሎ በሚገኝ እርሻ ውስጥ ያለ የእንጨት ጎተራ ነው። የካውንቲው መርማሪ ኔልዳ ዳይክስትራ በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ ስትገባ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«መኪናዋን ያነሣበት ክሪክ ከድቶታል» አላት። «ከስር ገብቶ ሲጎረጉር ወረደችበት። አደጋ ነው ኔልዳ፤ አትድከሚ።»

«መድከምማ የተቀጠርኩበት ነው» አለችና መኪናዋን ትዞራት ጀመር።

በወፏ ስም ብርማ ሳቢሳ ትባላለች። በ1954 አንድ ትልቅ ኩባንያ የነገው መኪና ምን እንደሚመስል ለሕዝብ ሊያሳይ አንዲት ብቻ ሠራ፤ ከከተማ ከተማ አዞራት፤ ብዙም ሳይቆይ ተቆራርጣ እንድትጣል አዘዘ። ጣሪያዋ የመስታወት ጉልላት ነው፤ ጅራቷ ሊበር የተነሣ ወፍ ይመስላል። ፕሩዊት ስለ እሷ መጽሐፍ ሊጽፍ ፎቶግራፍ ሲለቃቅምና ከጡረተኛ ጡረተኛ ሲዞር ኖሮ፣ አለመቆረጧን የደረሰበት ባለፈው መኸር ነው። ንድፏን የሣለው አልደን ኬስለር ከኩባንያው ግቢ ሰርቆ አውጥቶ እዚሁ ጎተራው ውስጥ ደብቋት ኖሯል። ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው።

የሟቹ ቀበቶ፣ ትልቅ የነሐስ ዘለበት ያለው፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዓቱና የጋብቻ ቀለበቱ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ናቸው። የተጋደመበት፣ መካኒክ ከመኪና ስር የሚገባበት ባለ ጎማ ሳንቃ ራስጌው ላይ ወፍራም ትራስ አለው፤ የሰውየው ራስ ግን ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ኔልዳ ተንበርክካ የመኪናዋን የታች ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ፋይበርግላስ ነው። አንድም ስንጥቅ አላገኘችበትም።

በረዶው መንገድ ስለዘጋ ከሟቹ ጋር እርሻው ላይ ያደሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኔልዳ በኬስለር ማድ ቤት ተራ በተራ አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው የሟቹ ሚስት ሎርና ናት። «ያቺ ነገር ተሰበረች?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«አልተሰበረችም።»

«ያሳዝናል። እኔ መቼ እንደተወለድኩ ይረሳል፤ የእሷን የኋላ መብራት ስፋት ግን እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ይነግርሻል።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ትናንት ለኩባንያው ደውሎ በሕይወት መኖሯን ነገራቸው። መዋሸት አይችልበትም፣ ሞኝ ነው። የታች ብረቷ ሻንሲ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ካሳየህ እውነተኛዋ ናትና ለሙዚየም እንሰጣታለን፤ ካላሳየህ ግን ሐሰተኛ ቅጂ ናት፣ እንቆራርጣታለን አሉት። ዛሬ ጠዋት ያን ቁጥር ሊፈልግ ነው የገባው።»

«የት እንዳለች ነግሯቸዋል?»

«ቁጥሩን ሳይ እነግራችኋለሁ ብሏቸው ነበር።»

ሁለተኛው ሮያል ቴት፣ ባለጸጋ ሰብሳቢ ነው። እሱ ዘንድ ያለችውን መኪና «ብቸኛዋ ሳቢሳ» ብሎ ሲያስጎበኝ የኖረ በመሆኑ፣ ፕሩዊት ይቺን በዓይኑ እንዲያይ ጠርቶት ነበር።

«ተሰብራለች?» ሲል ጠየቀ፤ ድምፁ ውስጥ ያለውን ተስፋ ለመደበቅ አልሞከረም።

«የለም። የእርስዎዋ እውነተኛ ናት ብለው ያምናሉ?»

«እስከ ትናንት ማታ አምን ነበር፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ይቺ ብትጠፋ ለእርስዎ መልካም ነበር።»

«ብትጠፋ ሻምፓኝ እከፍት ነበር። ሰው መግደል ግን... ልብሴን ያቆሽሽብኛል።»

መጨረሻ ላይ ኬስለር ገባ፤ ረጅም፣ እጆቹ ገና ያልደከሙ ሽማግሌ።

«ብዙ ተሠቃየ?» አላት።

«ሐኪሙ አልተሠቃየም ይላል። እርስዎ የት ነበሩ?»

«እንጨት ስፈልጥ። ክሪኩን ያስገባው እሱው ነው።»

«ለኩባንያው መደወሉን ያውቁ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ነገረኝ። ሐቀኛ ልጅ ነበር።» ከዚያ ስለ ምድጃው ተናገረ፤ ስለ ብርዱም።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ኔልዳ ሦስቱንም ጎተራው ውስጥ፣ መኪናዋ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«አባቴ መኪና ቀቢ ነበር» አለች። «ቀለም ላይ ተደግፎ የሚሠራ ሰው እንዳይጭር ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ቀለበቱን ያወልቃል። ከስር ለሚገባ ሰው ግን ይህ ምን ይረባዋል? ሚስተር ፕሩዊት ሲሞት ከመኪናዋ ስር አልነበረም። ትራስ ላይ የተጋደመ ራስ ከኋላ አይፈነከትም፤ ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ ሳለ ከኋላ ተመታ።»

«ታዲያ ከስር ማን አስገባው?» አለ ቴት።

«የመታው ሰው፤ ሳንቃው ላይ አጋድሞ ገፋው። ቀጭን ሰው ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም። ቀጥሎ መኪናዋን አወረደበት። ነገር ግን ክሪክ ሲከዳ መኪና ድንገት ይወድቃል፤ ይቺ እንዲያ ብትወድቅ ኖሮ ጠርዟ ይሰነጠቅ ነበር። ለሰውየው ያልራራ እጅ ለእሷ ራርቶ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ሚስተር ቴት፣ እርስዎ ቢሆኑ...»

«ሁለት ጊዜ እጥላት ነበር።»

«እኔ ደግሞ በመጥረቢያ» አለች ሎርና።

«ሁለታችሁም ተሰብራ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጠየቃችሁኝ።» ኔልዳ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሚስተር ኬስለር፣ የነደፏት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ግን አልጠየቁም። ደህና መሆኗን ያውቁ ነበር።»

ሽማግሌው የመስታወቱን ጉልላት በእጅጌው ጠረገ።

«የመታሁት በእንጨት መዶሻ ነው» አለ። «ለምኜው ነበር። የለችም በላቸው፣ ተሳስቻለሁ በላቸው አልኩት። ቁጥሩ ያድናታል ብሎ ሳቀብኝ፤ የእጅ ባትሪውን አብርቶ አጎነበሰ።»

«ቁጥሩማ ያድናት ነበር!» ብላ ሎርና ጮኸች።

ኔልዳ ኮፈኑ ውስጥ በባትሪዋ አበራች። ቁጥሩ ሊኖርበት በሚገባው የሻንሲው ብረት ላይ የሚታየው በሞረድ የተፋቀ ልሙጥ ቦታ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የፋቅሁት» አለ ኬስለር። «ያወጣኋት ዕለት፤ ቢያገኟት እንዳያውቋት ብዬ። ቁጥሩን ቢያጣው እንኳ የት ናት ሲሉት አይዋሽላትም ነበር።»

ቴት ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የኔዋ እንደገና ብቸኛዋ ልትሆን ነው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

«እኔ እመሰክርላታለሁ» አለ ሽማግሌው። «እውነተኛዋ ናት እላቸዋለሁ።»

«የሰረቃት፣ ሰውም የገደለላት ሰው ምስክርነት?» አለች ኔልዳ በለሆሳስ።

«የኔ ልጅ፣ የኔን ስም ጻፊ፤ የፈለግሽውን ሁሉ ጻፊ። ቦታውን ብቻ ተዪው። የት እንዳለች እስካሁን አያውቁም።»

«ሚስተር ኬስለር፣ ሰውየው የት እንደሞተ ሳልጽፍ እንዴት እንደሞተ መጻፍ አልችልም። የምጽፈውን ደግሞ ፍርድ ቤቱም ጋዜጣውም ኩባንያውም ያነቡታል።»

ሎርና የመኪናዋን ፓራፋንጎ ነካች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ይመስላል። «እሱ እንድትኖር ነበር የፈለገው» አለች። «አትጻፊው። እባክሽ።»

ኔልዳ ወንጀለኛ ስታገኝ ሁልጊዜ የሚሰማትን እርካታ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ሦስቱም የሚያዩት እሷን ነው፤ አንድ ነገር ማድረግ የምትችል ይመስል። እስክሪብቶዋን በትንፋሿ አሙቃ፣ ከስሙ በፊት፣ ከሰዓቱም በፊት፣ የጎተራውን አድራሻ ጻፈች።