ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት

«እዚህ ሰው አለ» አለች ቀጭኔ፣ ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ ከጎኗ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እየጣለች።

ሰው አልነበረም። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ሚጣ የምትቀመጥበት ቦታ ነው።

«ማን አለ?» አለች ሚጣ።

«ቁጠሪያ! ሥራሽ አይደል?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዱ «ቆጣሪዋ መጣች፣ በር ዝጉ!» ብሎ ጮኸ። ሚጣ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። እዚያ ያለው ዴስክ አንድ እግሩ አጥሮ ይወላገዳል፤ ማንም አይፈልገውም። ብቻዋን ተቀመጠች።

የሁለቱም ትክክለኛ ስም በመምህሩ የስም መጥሪያ ላይ ካልሆነ የትም አይነሳም። ቀጭኔ በቁመቷ ነው የተሰየመችው፤ ሚጣ ደግሞ ከቤት ይዛው የመጣችው ነው። ጎረቤታሞች ናቸው፤ እስከ ዘንድሮ፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ፣ ጓደኛሞችም ነበሩ። ያጣላቸው አንድ የቤት ሥራ ነው።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ «የደሴታችን ሕዝብ በዕድሜና በጾታ» የሚል ሥራ ሲሰጥ፣ የድሮ መዝገቦችን ማግኘት የቻለችው ሚጣ ብቻ ነበረች። አባቷ የደሴቷ መዝገብ ያዥ ነው። እርጥበት እርጥበት በሚሸተው ቢሮው ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ ሦስት ግራፍ ሠራች፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመትና የዘንድሮ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ፤ ሕፃናት ከታች፣ አረጋውያን ከላይ። የመጀመሪያው ግራፍ እንደ ድንኳን ታችው ሰፍቶ ጫፉ የሾለ ነበር። የዘንድሮው ግን እንደ ባልዲ ከታች ጠቦ ወደ ላይ ይሰፋል። እሱም ደህና ባልዲ አይደለም፤ በሴቶቹ በኩል፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ባለው ላይ፣ ሰው በእርግጫ የመታው ይመስል ወደ ውስጥ ገብቷል። በግራ ሠላሳ ስምንት ወንዶች፣ በቀኝ አሥራ አንድ ሴቶች።

መምህሩ ከሃያ ሃያ ሰጣት፤ ግራፉንም የደሴቷ ኮሚቴ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ችግሩ የመጣው ኮሚቴው ሲያየው ነው። ከውሃው ማዶ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለደሴቷ ሁለት ነፃ ቦታ ይሰጣል። እስካሁን ቦታው ለአንደኛና ለሁለተኛ ነበር፣ ሴትም ሆኑ ወንድ። አሁን «ሴት ልጅ ከሄደች አትመለስም፤ ይኸው ቁጥሩ። ከዘንድሮ ጀምሮ ለወንዶች ብቻ ይሁን» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሑድ ድምፅ ይሰጣል።

አንደኛ የምትወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ቀጭኔ ናት።

በዕረፍት ሰዓት ሚጣ ቧንቧው አጠገብ ደረሰችባት። «እኔ እኮ የጻፍኩት መዝገቡ ላይ ያለውን ነው።»

«አውቃለሁ። አባትሽ የጻፈውን አንቺ ገለበጥሽ፣ ኮሚቴው ደግሞ እኔን ገለበጠኝ።» ቀጭኔ አፏን በእጇ ጠረገች። «ሃያሽን ይዘሽ ተፋቺኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነሳ። የጀልባ ማረፊያው ደወል ሲደወል ትምህርት ቤቱም ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ጊዜ ጀልባዎቹ በሙሉ ከውሃ ወጥተው አሸዋው ላይ መጎተት አለባቸው፤ እጅ ያለው ሁሉ ገመድ ይይዛል። ሚጣም ያዘች። ከፊቷ ሁለት ሽበታም ዓሣ አጥማጆች፣ ከኋላዋ ነርሷና የሱቋ ባለቤት ነበሩ። ገመዱ መዳፏን ይልጠዋል።

«አንድ ላይ! አንድ ላይ እንጂ!» ይላሉ ጀልባ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ከነፋሱ በላይ እየጮኹ። «ኧረ ትከሻ ያለው ሰው ወዲህ በሉ!»

ትከሻ ያለው ሰው አልመጣም። ሚጣ ሳታስበው መቁጠር ጀመረች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቆጥር ከርማ ለምዶባታል። ውሃ ላይ የቀረ ጀልባ የለም፤ የታመመም አልሰማችም። ወጣት ወንዶቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረች። ዘጠኝ።

«አንቺ! አፍሽን የምታንቀሳቅሺው ጸሎት ነው?» ሽማግሌው አፈጠጡባት። «ሳቢ! አባትሽ ቢሮ ያለሽ መሰለሽ?»

ነርሷ ከኋላዋ «ገና እኛንም በግራፍ ትሰቅለናለች» አለች። የሳቀ አልነበረም።

ቤቷ ስትደርስ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ከመዝገቡ የገለበጠችበትን ረቂቅ አወጣች። ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት፣ ወንድ፣ ሠላሳ ስምንት። ስሞቹን ከላይ ጀምራ በጣቷ ተከተለች። የመጀመሪያው ስም የወንድሟ ነበር። ወንድ፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ቤት ቁጥር አንድ።

ወንድሟ ማዶ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ክፍሉ እሱ እንደተወው ነው፤ አልጋው ይነጠፋል፣ ማንም አይተኛበትም። ሚጣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምታድረው። እንዲያም ሆኖ ስሙን በገዛ እጇ ስትገለብጥ አንዴም ብዕሯ አላመነታም።

እራት ላይ ጠየቀች። «አባዬ፣ ወንድሜ ለምን መዝገቡ ላይ አለ?»

«የት ይሂድልሽ? ቤቱ ነው።»

«ከሄደ አራት ዓመቱ እኮ ነው።»

«ይመለሳላ።»

«የቀጭኔ እህትስ? ማዶ በሄደች በሳምንቷ ነው የሰረዝካት። ቀኑን አይቼዋለሁ።»

አባቷ ሾርባውን በማንኪያው አማሰለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲመልስም ድምፁን አልጨመረም። «ሴት ልጅ በሄደችበት ትጻፋለች። እኔ አላመጣሁትም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬም እንዲሁ ነው የጻፈው።»

«ወንዶቹም ሄደዋል እኮ! ዛሬ ገመድ ላይ ዘጠኝ ናቸው። ግራፉ ውሸት ነው ማለት ነው።»

«ስሚኝ።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማዶ ያሉት ሰዎች ጀልባ በሳምንት ሦስት ቀን የሚልኩልን፣ ነርሷንም የመደቡልን ይህንን ቁጥር አይተው ነው። አንቺ ሠላሳ ሰው ሰርዘሽ ነርሷን ቢወስዷት፣ እናትሽን ሲያማት መርፌ የምትወጊያት አንቺ ነሽ?»

 አባቷ ያለው ነገር እውነት ነው።

እናቷ ጣልቃ ገባች። «ልጄን ከቤቱ ልታስወጪው ነው?» አለች። «ፍራሹ ሰለቸሽ? አልጋው ነው ነገሩ?»

«እማዬ፣ ስለ አልጋ ማን አወራ?»

«እሱን ከሰረዝሽ እኔንም ሰርዢኝና ቤቱን ጠቅልለሽ ያዢው!» ሳህኖቹን ገና ሳይጨርሱ ሰበሰበቻቸው።

ዓርብ መምህሩን የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችው። ነገሩን እስክትጨርስ ሰማት።

«መዝገቡ ተሳስቷል ማለት አባትሽ ተሳስቷል ማለት ነው» አላት። «ሕዝብ ፊት። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል ቲቸር።»

«ገመድ የጎተቱት ዘጠኝ ናቸው ብለሽ ኮሚቴውን አታሳምኚም። ቤት ለቤት የተቆጠረ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ያስፈልጋል። እስከ እሑድ ካመጣሽልኝ ከመጀመሪያው ጎን እለጥፈዋለሁ፤ ይህን ቃል እገባልሻለሁ። ግን አልቆጥርልሽም። እኔ የማዶ ሰው ነኝ፤ እንኳን ልጆቻቸውን ሊያስቆጥሩኝ፣ ሰላምታም በግድ ነው።»

«ለኔስ በር የሚከፍቱልኝ ይመስልዎታል?»

መምህሩ ዋሽቶ ሊያበረታታት አልፈለገም። «አይመስለኝም» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ደብተር ላይ መስመር አሰመረች። ሃምሳ ስምንት ቤት። ከኮረብታው በኩል ካሉት ልትጀምር አስባ ነበር፤ እነሱ ብዙም አያውቋትም፣ ስድባቸውም ብዙም አይከነክንም። ጫማዋን እያሰረች ግን ጥያቄውን በሐሳቧ ሞከረችው፤ እማማ፣ ትናንት እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ? በሐሳቧ በር የከፈቱላት እማማም ሲመልሱላት ሰማቻቸው፤ እናንተ ቤትስ?

ያሰረችውን ጫማ ፈትታ ወደ ጓሮ ወጣች።

እናቷ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ እያጠበች ነበር። ደብተሩን ስታይ እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ትናንት እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ?»

«አራት።»

«እማዬ።»

«አራት አልኩሽ! አባትሽ፣ እኔ፣ አንቺና ወንድምሽ። ሌላ ቁጥር ጽፈሽ ከዚህ በር ብትወጪ ዛሬ አላውቅሽም።»

ሚጣ ቆማ ጠበቀች። እናቷ አንሶላውን እንደገና ማሸት ጀመረች፣ ቀድሞውንም ንጹሕ የነበረውን። ሚጣ በእርሳስ ልትጽፍ ፈለገችና ተወችው። እስክሪብቶ አወጣች። በቤት ቁጥር አንድ መስመር ላይ፣ እናቷ እያየቻት፣ «3» ብላ ጻፈች። እናቷ ፊቷን አዞረች።

ቤት ቁጥር ሁለት የነቀጭኔ ነው። ሦስቴ አንኳኳች።

ቀጭኔ በሩን ገርበብ አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየቻት። «ይቅርታ ልትጠይቂ ከሆነ ጊዜ የለኝም።»

«አይደለም። ትናንት እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ?»

«አሁን ደግሞ ለማን ነው የምታቃጥሪው?»

«መዝገቡ የሄዱትን ወንዶች እዚሁ እንዳሉ ነው የሚጽፈው። የኔም ወንድም አለበት። እንደገና እየቆጠርኩ ነው፤ እሑድ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።»

የቀጭኔም ወንድም ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ወንድ፣ ቤት ቁጥር ሁለት ተብሎ ተጽፏል፤ እህቷ ከተሰረዘችበት መስመር ቀጥሎ።

«ማናት?» አለች የቀጭኔ እናት ከውስጥ። «ያቺ ቆጣሪዋ ናት? አምስት ነን በያት! አምስት! ደግሞ በሩን አትክፈቺላት!»

 የቀጭኔ ዓይን ደብተሩ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያውን መስመር፣ የነሚጣን ቤት «3»፣ ከወዲያ በኩል እንደተገለበጠ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ ሚጣን አየቻት። ፊቷ አልተፈታም።

«አራት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጻፊ።»

«እናትሽ ግን...»

«አራት አልኩሽ። ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። ከውስጥ የእናትየው ድምፅ ከፍ አለ፤ የቀጭኔም ከሱ በላይ ከፍ አለ። ሚጣ ደብተሩን በሩ ላይ አስደግፋ ቁጥሩን ጻፈችና ወደ ሦስተኛው ቤት ሄደች።