የአንድ ድንጋይ ጃርት

የካርድ ገማቹ የሞተው አስሙ ተነስቶበት እጁን ወደ መሳቢያው እንደዘረጋ ነው። ከመሳቢያው የማይጠፋው የአስም ስፕሬዩ መጋዘን ውስጥ፣ ባዶ ካርቶን ሥር ተገኘ። ሟቹ አዳዲስ የጨዋታ ካርዶችን እየሞከረ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ እሱ የናቀውን ካርድ የሚገዛ የለም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» ይሏታል፤ ለቸኮለባት ሁሉ ሌላ መልስ የላትም። ጠረጴዛው ላይ ጃርት የተሳለባት ካርድ አገኘች።

«ይቺ ምን ታደርጋለች?» ስትል የካርድ ሱቁ ባለቤት የሆነችውን የሟቹን ሚስት ጠየቀቻት።

«ርካሽ ናት፤ በጨዋታው ገንዘብ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ከፍለው ያሰልፏታል። ጉልበቷም አንድ ነው። ስትሞት ግን ከጎኗ ያለውን ታተርፋለች። የሠራት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው ናት።»

«ባለቤትዎ ነጥብ እንዴት ነበር የሚሰጡት?»

«ጠዋት ገና ሲያያት ነጥቡን ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ያንን ለእኔም አይነግረኝ። ተጫውቶባት ሲያበቃ ያጠፋውና በእስክሪቢቶ ይጽፋል። ካርድ ሠሪ እዚህ ክፍል አይገባም፤ ወንድሙም ቢሆን።»

አብሮት ካርዷን ሲሞክር ያረፈደው የጨዋታው ሻምፒዮን ቀጠለ። «በነጥቡ እንዳልመራ ወረቀቱን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። እኩለ ቀን ላይ የእስክሪቢቶውን አሳይቶኝ ወጣሁ።»

ታናሽ ወንድሙ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «ካርዷን ትናንት እንደታሸገች ሰጥቼው ሄድኩ። ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም።»

«በነጥቡ ተከፍተህ ነበር?»

«ሁለት ሰጠኝ ብዬ ወንድሜን እገድላለሁ እንዴ?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች መርማሪዋ። ሦስቱንም ሰብስባ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዘችው።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በእርሳስ የተጻፈው ሁለት ነበር፤ ጠፍቷል፣ ጭረቱ ግን ይታያል። ለሚስታቸው አልተነገራቸውም። ሻምፒዮኑ ያየው የእስክሪቢቶውን ብቻ ነው። ሁለትን የሚያውቅ፣ ጠዋት ሻምፒዮኑ ሳይመጣ፣ ወንድምህ ከክፍሉ ወጣ ሲል በጓሮ በር ገብቶ ስፕሬዩን የደበቀ ሰው ነው። ሠሪ ስለማይገባ፣ የእርሳሱ ነጥብ እንደሚጠፋ አላወቅክም።»

ወንድምየው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ስፕሬዩን ትንሽ ፈልጎ እንዲጨነቅ ብዬ ነበር... አባታችን ቀበቶ ሲያነሳ ከፊቴ እየቆመ የሚመታልኝ እሱ ነበር። ጃርቷ እኮ እሱ ናት! ለእሷ ሁለት?»

«በእጄ አብልቼ ያሳደግኩህ ልጅ!» አለች የሟቹ ሚስት።

መርማሪዋ የእስክሪቢቶውን ጽሕፈት ባታነበው በወደደች ነበር። አነበበችው።

«የወንድሜ ሥራ ስለሆነች እንዳላዳላ ብዬ፣ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ሳይሆን ስድስት ጊዜ ተጫወትኩባት። ነጥቧን ዝቅ ላደርግ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከአሥር ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ?» አለ ወንድምየው። ወረቀቱን ለመንካት እጁን ዘረጋ፤ ማስረጃ ነውና አልሰጠችውም።